የቤተ ክርስቲያናችን ኮምፒውተር ዲስክ ቅያሪ

ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አንዴ «ኮምፒውተር ይችላል» የሚል ስም ከወጣላችሁ አለቀ። የዘመድ ላፕቶፕ፣ የሬስቶራንት ፕሪንተር፣ የእትዬ ስልክ፣ ሁሉም እናንተ ጋ ይመጣል። ሰሞኑን ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ተራ ነበር።

በ2020 በኮሮና ምክንያት ቅዳሴው በኢንተርኔት መተላለፍ ጀመረ። ቀረጻው ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ስብከቱ፣ ክርስትናው፣ የሕፃናቱ መዝሙር፣ ሁሉም ምድር ቤት ያለች አንዲት ኮምፒውተር ላይ ይጠራቀማል። ባለ 500 ጊጋባይት ሁለት ዲስኮች አሏት። ሬይድ 1 ነው፤ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ዲስኩ ሁለት ቢሆንም ቦታው የአንድ ነው። እሱም ጢም ብሎ ሞላ።

ኮሚቴው ውስጥ «አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫነው» ያለ ነበር። አልተስማማሁም፤ ያለውን ሳናጠፋ ዲስኮቹን ተራ በተራ በትልልቅ እንቀይር አልኩ። ኡቡንቱውን፣ ማለትም ኮምፒውተሯ የምትሠራበትን ሊኑክስ፣ የጫነው ወንድማችን ሥራ አግኝቶ ሲያትል ገብቷል። ካሜራው፣ የድምፅ ማደባለቂያው፣ የመዋጮ ደረሰኝ የሚያትመው ፕሪንተር፣ ሁሉም በእሱ እጅ የተስተካከለ ነው። ወረቀት ላይ ግን አንድም ነገር የለም። የስደት አገልግሎት እንዲህ ነው። ሰው ስቴት ሲቀይር እውቀቱንም ይዞ ይሄዳል። የእሱ እውቀት የቀረው እዚያች ማሽን ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱን አጥፍቼ እሑድ ጠዋት ምን ልሁን?

«ልጄ፣ የሚጠፋ ነገር አለ?» አሉኝ ሰብሳቢያችን።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ሁሉንም ሌላ ዲስክ ላይ ልገልብጠውና እነግርዎታለሁ» አልኳቸው።

ይሄ የወግ አይደለም። አንዱን ዲስክ ስታወጡ የቀረው ብቻውን ነው። እሱም እኩል ያረጀ ነው፤ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ አዲሱ ዲስክ ሊገለበጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊነበብ ነው። ሊሞት ከሆነ የሚሞተው ያኔ ነው። ሬይድ አለን ብለው ቅጂ የማይዙ ሰዎች ይገርሙኛል። በስሕተት የጠፋ ፋይል እኮ ከሁለቱም እኩል ነው የሚጠፋው።

ግዢው ላይም ክርክር ነበር፤ «4 ቴራባይት ይሁን» ተባለ። ኮምፒውተሯ አሮጌ ናት፤ ዲስኩ የተከፋፈለበት ኤምቢአር የሚባለው ዘዴ ደግሞ ከ2 ቴራባይት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ባለ 2 ቴራባይት ሁለት ገዛን። ርካሾቹ ውስጥ መረጃውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ደራርበው የሚጽፉ አሉ። ለሬይድ አይሆኑም፤ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሲገለበጥ ይንቀራፈፋሉ።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ መልስ ጀመርኩ። ቅዳሜ ማታ አይሞከርም። በመጀመሪያ የሁለቱን ዲስኮች ጤና አየሁ፤ ደከም ያለው ቀድሞ ይውጣ። ሊኑክሱ ላይ እሱን ከጥንዱ አስወጣሁት። ከዚያ ኮምፒውተሯን አጥፍቼ ከፈትኳት። አቧራው ጉድ ነው! ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መልክ ነው ያላቸው። በስልኬ መብራት መለያ ቁጥሩ ላይ ያለውን አቧራ በአውራ ጣቴ ጠርጌ፣ ቀድሜ ከስክሪኑ ላይ ከገለበጥኩት ጋር አመሳክሬ ነው ገመዱን የነቀልኩት። ጤነኛውን መንቀል ማለት ሌላ ታሪክ ነው።

አዲሱን ሰክቼ አስነሳኋት። ክፍፍሉን እንደ አሮጌው አድርጌ፣ የመጨረሻውን ክፍል ግን እስከ ዲስኩ ጫፍ ለጥጬ ወደ ጥንዱ ጨመርኩት። ቅጂው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ። እስከዚያ ከላይ ጉባኤ ነበርና እትዬ ቡና ላኩልኝ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ቀጥሎ ያለውን ነው። ማሽኑን የሚያስነሳው ግሩብ የሚባለው ፕሮግራም ከሌላው መረጃ ጋር አብሮ አይገለበጥም። አዲሱ ዲስክ ላይ ለብቻው መጫን አለበት። ያለዚያ ሁለተኛውን አሮጌ ስታወጡ ጥቁር ስክሪን ነው የምታዩት። እሱን ጭኜ፣ ሁለተኛውን ዲስክ በዚያው መንገድ ቀየርኩ።

እዚህ ላይ ቦታው አሁንም 500 ነው። ጥንዱን እስከ ዲስኩ ጫፍ እንዲያድግ ማዘዝ፣ ቀጥሎም በላዩ ያለውን የፋይል ሥርዓት፣ ማለትም ፋይሎቹ የሚደረደሩበትን፣ ማስፋት ይቀራል። ይሄ ሁሉ ማሽኗ እየሠራች የሚሆን ነው፤ ማጥፋት አያስፈልግም።

በማግሥቱ ጋሼ መጥተው ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩ። «ታዲያ ምኑ ተቀየረ?» አሉ። ያው ሥዕል፣ ያው ፎልደሮች። ባዶ ቦታውን ሳሳያቸው ሳቁ፤ ወዲያውም ሒሳብ ያዧ እህታችን ደረሰኙን ተቀበለችኝ።

መጀመሪያ የወጣውን ዲስክ ቀን ጽፌበት ካዝናው ውስጥ አስቀመጥነው። ሁለተኛውን ከመጣሌ በፊት አጥፍቼዋለሁ፤ የአባላት ስምና አድራሻ አለበት። ሲያትል ላለው ወንድማችንም ደወልኩለት። የካሜራውን አሠራር ጽፎ ሊልክልኝ ቃል ገብቷል። እየጠበቅኩ ነው።