ግራ እግሬና የስፌት ሜትሬ

ግራ እግሬ ማበጥ የጀመረው የማህፀን በር ካንሰር ቀዶ ሕክምና ካደረግኩ ከሰባት ወር በኋላ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ ማህፀኔና በዳሌዬ ውስጥ ያሉት የሊምፍ ዕጢዎች ወጥተው፣ ጨረርም ወስጄ፣ ሐረር ተመልሼ የልብስ ስፌት ሥራዬን ይዤ ነበር። አንድ ምሽት ጫማዬ አልወልቅ አለኝ። ካልሲዬን ሳወጣ ጠርዙ ክር እንደታሰረበት ሆኖ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ታትሟል። በጣቴ ስጫነው ጎደጎደ፤ ጉድጓዱም ቶሎ አልሞላም።

ካንሰሩ ተመለሰ ብዬ ለማንም ሳልናገር ሦስት ሌሊት አደርኩ። ዛሬም የሚቆጨኝ ይህ ነው። አንድ እግር ለብቻው ሲያብጥ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል፤ ያ ደም ተነስቶ ሳንባ ከገባ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለ እብጠት ያየች ሴት ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ትሂድ። የእኔ በአልትራሳውንድ ታይቶ የረጋ ደም እንደሌለ፣ በምርመራም ካንሰሩ እንዳልተመለሰ ታወቀ። ሊምፌዲማ ነው ተባልኩ።

ሊምፍ ከሰውነት ውስጥ ተሰብስቦ ወደ ደም የሚመለስ ፈሳሽ ነው፤ ከእግር ወደ ላይ ሲመለስ በብሽሽትና በዳሌ ዕጢዎች በኩል ያልፋል። ዕጢዎቹ ሲወጡ፣ ጨረሩም የቀሩትን መተላለፊያዎች ሲያጠብብ፣ ፈሳሹ መንገድ አጥቶ ከቆዳ ሥር ይጠራቀማል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይህን የነገረኝ አልነበረም። ቢነገረኝም ቀዶ ሕክምናውን አልተውም ነበር፤ በሕይወት ያቆየኝ እርሱ ነው። ነገር ግን ከእብጠቱ በፊት እግሬ ላይ የተሰማኝን ክብደት በድካም አላሳብብም ነበር።

ቀጣዩን አንድ ዓመት መድኃኒት ፍለጋ አባከንኩት። አንድ ክሊኒክ የሚያሸና መድኃኒት አዘዘልኝ፤ ሌሊቱን ስመላለስ አድራለሁ፣ እግሬ ግን አይጎድልም። መድኃኒቱ ውኃውን ቢያስወጣም በፈሳሹ ውስጥ ያለው ፕሮቲን እዚያው ይቀራል፤ መልሶም ውኃ ይስባል። ወጌሻ ቅቤ ቀብቶ አጥብቆ አሸኝ፤ በማግስቱ እግሬ ቀልቶ ይብስ አበጠ። እናቴ የወይባ ጢስ አዘጋጀችልኝ። ከሙቀቱ ስወጣ እብጠቱ ጉልበቴን አልፎ ነበር። እማን አልወቅሳትም፤ የምታውቀውን መልካም ነገር ሁሉ ሰጥታኛለች። ጎረቤቶች "የዝሆን እግር ነው" ብለው ልጆቻቸውን ከምንጣፌ ሲያርቁ ግን አልቅሻለሁ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሥራት የሚመጣው የዝሆን እግርም ሆነ የእኔው ሕመም ተነካክቶ አይጋባም። ያን ጊዜ ይህን ለመናገር አፍ አልነበረኝም፤ እግሬን በሽቲ ቀሚሴ ሸፍኜ ዝም አልኩ።

ለክትትል አዲስ አበባ በሄድኩበት ጊዜ ያገኘኋት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ነገር ነገረችኝ፦ "ልክ እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት በየቀኑ የሚይዙት ነገር ነው።" ቀጥላ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ ስላት ሳቅ ብላ "እንግዲያው ሜትር አለዎት" አለች።

ሃያ ዓመት የሰው ወገብ ስለካ የራሴን እግር ለክቼ አላውቅም ነበር። ከተረከዜ ጀምሬ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ሁለቱንም እግሮቼን ለካሁ። ቁርጭምጭሚቴ በቀኝ 21፣ በግራ 25 ተኩል፤ ባቴ በቀኝ 34፣ በግራ 41 ሳንቲ ሜትር ወጣ። መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሌላ ቀን ማታ እየለካሁ ራሴን አሳሳትኩ፤ እብጠት ሲመሽ ይጨምራልና። ከዚያ ወዲህ ዘወትር እሑድ ጠዋት፣ ከአልጋ ሳልወርድ፣ ሜትሩን ሳልስብ እለካለሁ።

ባለሙያዋ እግሬን እንድጠቀልልበት ስለሰጠችኝ ፋሻ ብዙ እናገራለሁ፤ የጨርቅ ጠባይ ስለማውቅ በደንብ የገባኝ እርሱ ነው። ከፋርማሲ ገዝቼው የነበረው እንደ ቀሚስ ወገብ ላስቲክ እጅግ የሚለጠጥ ነው፤ ተኝቼም ይጨመድደኛል። ባለሙያዋ የሰጠችኝ ግን ሲስቡት ብዙም አይሄድም። ስራመድ ባቴ ይወጠራል፣ ፋሻው አልለጠጥ ይለዋል፣ በመካከል ያለው ፈሳሽ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሳርፍ ደግሞ ግፊቱ ላላ ይላል። አስተሳሰሩን ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እግሬን በሳሙና አጥቤ፣ በጣቶቼ መካከል ሳይቀር አድርቄ፣ ቫዝሊን እቀባለሁ። ከዚያ ስስ የጥጥ ልባስ፣ ቀጥሎ ጥጥ፣ በላዩ ፋሻ፤ ከእግር ጣቶች ሥር ተነስቶ እስከ ብሽሽት፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ሲወጣ እየላላ። ጣት ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ወይም ካመመ ወዲያው ይፈታል። የልብ ድካም ወይም የእግር ደም ዝውውር ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያየው አይታሰር።

በፋሻው ላይ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። ከሕመሙ በፊት የኤሌክትሪክ የስፌት መኪና ገዝቼ ነበር፤ እርሱ በጣት ጫፍ የሚነካ ፔዳል ስላለው እግሬ ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ይውላል። የድሮውን በእግር የሚረገጥ ሲንጀሬን ከጓዳ አውጥቼ ዘይት ቀባሁት። ቁርጭምጭሚቴ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ባቴ እንደ ፓምፕ ይሠራል። በየሰዓቱ ተነስቼ ግቢውን እዞራለሁ። ጠዋትና ማታ በሆዴ በረጅሙ እተነፍሳለሁ፤ ከዚያ ቆዳዬን ብቻ በቀስታ እየገፋሁ መጀመሪያ ሆዴንና ታፋዬን፣ መጨረሻ ላይ እግሬን አሻለሁ። መንገዱ ከላይ ካልተጠረገ ከታች የሚገፋው የት ይሄዳል?

በአራት ወር ውስጥ ባቴ ወደ 35 ተኩል፣ ቁርጭምጭሚቴ ወደ 22 ተኩል ወረደ። የግፊት ስቶኪንግ፣ ማለትም እግርን ጠበቅ አድርጎ የሚይዝ ረጅም ካልሲ፣ የተለካልኝ ያን ጊዜ ነው። ቀደም ሲል ባበጠው እግሬ ልክ ገዝቼ ገንዘቤን ከስሬአለሁ፤ በሰፊ ልክ የተሠራ ልብስ እግር አያጠብም። ስቶኪንጉን ከአልጋ ሳልወርድ በላስቲክ ጓንት እየጎተትኩ አጠልቃለሁ፤ በየስድስት ወሩ ገደማ ላስቲኩ ስለሚደክም ይለወጣል። የውስጥ ሱሪዬንም ራሴ እሰፋዋለሁ፤ ብሽሽት ላይ የሚቆነጥጥ ላስቲክ የቀረውን መንገድ ይዘጋል።

አንድ ጊዜ በነጠላ ጫማ ውጭ ስወጣ እሾህ ወጋኝ። እሾሁ ትንሽ ስለነበረ ናቅኩት። ሲመሽ ብርድ ብርድ አለኝ፣ እግሬ እንደ ፍም ቀላ። ያን ሌሊት ሆስፒታል ደርሼ አንቲባዮቲክ ባልጀምር ምን እንደምሆን አላውቅም። ሊምፍ የሚያልፍበት መንገድ ሲጎድል ቁስሉን የሚከላከለውም ይጎድላል፤ እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሕመም ደግሞ የተረፉትን መተላለፊያዎች ይጎዳል። አሁን ከቤት የምወጣው በሽፍን ጫማ ነው። ትኩሳትና መቅላት አብረው ከመጡ ፋሻውን ፈትቼ በቀጥታ ሐኪም ጋር እሄዳለሁ።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ሠርግ ድሬዳዋ ነበር። ከሐረር ተራራ ወደዚያ ሙቀት መውረድ ለእግሬ ከባድ መሆኑን ስለማውቅ ፋሻዬን፣ ሜትሬንና ሁለት ስቶኪንግ ይዤ ሄድኩ። መንገድ ላይ ቁርጭምጭሚቴን ሳሽከረክር ሄድኩ፣ ቀትር ላይ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ተኛሁ፣ በምሽቱ ግን እስክስታዬን መታሁ። በሦስተኛው ቀን ቁርጭምጭሚቴ 23 ተኩል ደርሶ ነበር። ቤቴ ገብቼ አራት ሌሊት ፋሻ አሰርኩ። እሑድ ጠዋት ስለካው 22 ተኩል ነበር።