ትልቅ ሥጋ፣ አጭር ሰልፍ

ጥሩ ጋይሮ የት እንደሚገኝ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ጋይሮ ቤት በካሸርነት ስለሠራሁ የጥሩ ቤቶች ዝርዝር በእጄ ያለ ይመስላቸዋል። እኔ የቤት ስም አልጠራም። የምለው አንድ ነገር ነው። ገብታችሁ ከማዘዛችሁ በፊት መጀመሪያ ሥጋውን እዩት፣ ከዚያ ሰልፉን እዩት። ይህን ያወቅኩት ሥራ ቦታ ከገጠመን ነገር ነው።

ለማያውቀው አስቀድሜ ልንገር። ጋይሮ የግሪኮች ምግብ ነው። ሥጋው በቆመ ብረት ላይ ተሰክቶ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። እሳቱ ያለው ከሥሩ ሳይሆን ከጎኑ ነው። ውጪው ቡናማ ሲሆን በረጅም ቢላዋ ከላይ ወደ ታች በስሱ ይቆረጣል። ከሥሩ የነበረው ያልበሰለው ይገለጣል፤ እሱም በተራው እሳቱን ያገኛል። የተቆረጠው በፒታ ዳቦ ላይ ከቲማቲም፣ ከሽንኩርትና ጻጺኪ ከሚባለው የእርጎ ማባያ ጋር ይጠቀለላል። የቱርኮች ዶነርና የዓረቦች ሻዋርማ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው።

ሥጋ የሚቆርጡልን አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን የቆዩ፣ ቢላዋቸውን ለማንም የማያውሱ ሰው ናቸው። ማናጀራችን ደግሞ ወጣት ነው። ትጉህ ነው፣ ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ይገባል። እሱም ጋሼ ነው የሚላቸው።

አንድ ቀን የምሳ ግርግር ካለፈ በኋላ አንዲት ደንበኛችን መጣች። ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ነው የምትመጣው፣ የዚያን ቀን ግን ሥራ ይዟት ዘገየች። ቤቱ ባዶ ነበር። ጋይሮዋን ተቀብላ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ጥቂት ጎርሳ ሳህኑን ይዛ ወደ እኔ ተመለሰች።

«ይቅርታ፣ ይሄ ሥጋ የዛሬ ነው?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ግራ የገባት ነበር የምትመስለው።

ማናጀሩ ሰምቶ ከጓዳ ወጣ። «የዛሬ ነው እህቴ። እኛ ቤት የትናንት ሥጋ አይሸጥም» አላት። እውነቱን ነው። የትናንት ሥጋ ሸጠን አናውቅም።

«አምናለሁ። ግን ሌላ ጊዜ የምበላው እንዲህ አይደለም» አለች።

ጋሼ ቢላዋቸውን አስቀምጠው መጡ። እጃቸውን ታጥበው ፒታውን ዘረጉትና ከውስጡ አንድ ቁራጭ ሥጋ አውጥተው ሳህኑ ዳር ላይ አኖሩት። ከዚያ ሄደው ከሚሽከረከረው ላይ አንድ ስስ ቁራጭ ቆርጠው አመጡና አጠገቡ አስቀመጡት። ልዩነቱን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም ነበር። አዲሱ ቁራጭ ባንድ በኩል ቡናማና ኩርሽም የሚል ነው፤ በሌላው በኩል ለስላሳና በራሱ ስብ የወዛ። የፊተኛው ግን ሁለቱም ገጹ አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ጫፉ ተጠቅልሎ ደርቋል። መሐሉ ላይ ያለው እርጥበት የስብ ወዝ ሳይሆን የእንፋሎት ውሃ ነው።

«ሥጋው የዛሬ ነው ልጄ» አሏት። «የተቆረጠው ግን ምሳ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ማሞቂያ ትሪ ውስጥ ነበር። አሁን ግሪል ላይ ጣል አድርገን ነው የሰጠንሽ።»

ማናጀሩ ፊቱ ተለዋወጠ። ጋሼ ግን አልጨረሱም። ሌላው ጎን ቀለም እስኪይዝ ጥቂት ከታገሠች አዲስ ቆርጠው እንደሚሰጧት ነገሯት። እሷም ቆማ ጠበቀች። እሳቱን ጨመር አድርገው ሥጋውን ጠበቁት፣ ቆረጡ፣ ፒታውን ራሳቸው አሙቀው ጠቀለሉላት። በልታ፣ አመስግና ሄደች።

እሷ እንደወጣች ማናጀሩ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ተብሎ ለደንበኛ ይነገራል እንዴ?» አላቸው።

«ጠየቀች፣ መለስኩላት» አሉት።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የሁለት ሰዎች ጭቅጭቅ ሆኖ ይረሳ ነበር። ማናጀሩ ግን ተቀየመና የሚያስበውን ሁሉ ተናገረ። እኔም ሁለቱም ልክ እንደሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

የማናጀሩ ጭንቀት ይሄ ነው። ጠዋት አንድ ትልቅ ሥጋ ይሰቀላል። እሳቱ አንዴ ከተለኮሰ ደንበኛ ኖረም አልኖረም ውጪው መብሰሉን አይተውም። ካልተቆረጠ ያርራል፣ ስለዚህ ይቆረጣል። ሰው ከሌለ የተቆረጠው የት ይሄዳል? ትሪ ውስጥ። ማታ ደግሞ ብረቱ ላይ የተረፈውን እሳቱን አጥፍቶ ለነገ ማሳደር አይቻልም። መሐሉ ገና ያልበሰለ ሥጋ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል፣ እንዲህ ያለ ወፍራም ሥጋ ደግሞ ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም በዚያ መሐል ብዙ ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ የተረፈው ሁሉ ማታ ተቆርጦ፣ ግሪል ላይ በደንብ በስሎ፣ ቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ መግባት አለበት። እሱም ለጋይሮ አይሸጥም። ማናጀሩ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ቴርሞሜትሩ ከኪሱ አይለይም፣ ትሪው ከ60 ዲግሪ በታች እንዲወርድ አይፈቅድም። ማታ የሚተርፈው እንዳይበዛ ብሎ ነው ቀደም ብሎ የሚያስቆርጠው። ትሪው ውስጥ ያለው ሥጋ ለጤና ምንም አይልም። ጣዕሙ ግን ሄዷል። እንፋሎቱ ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል፣ ስቡ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንደገና ግሪል ላይ ሲሞቅ ደግሞ የቀረችው ወዝ ትደርቃለች።

ጋሼ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ፣ «ልክ ነህ። ግን ጥፋቱ ቢላዋው ላይም ትሪው ላይም አይደለም፣ መጠኑ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰው የለም። ሰው በሌለበት ይህን የሚያህል ሥጋ ምን ሊሠራልን ሰቀልነው?» አሉ።

ማናጀሩ ወዲያው አልተቀበላቸውም። ትልቅ ሥጋ ሲሽከረከር በመስኮት የሚያልፈውን ሰው ይስባል የሚል እምነት ነበረው። ብዙ ባለቤቶችም እንዲሁ ነው የሚያስቡት። ደግሞ ሁለት ትናንሽ ሥጋ መስቀል ማለት ብረቱንም ሁለት ጊዜ ማጽዳት ነው። ጋሼ ግን፣ «እኔ አጸዳለሁ» አሉ።

እኔ በበኩሌ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። የሒሳብ ማሽናችን በየሰዓቱ ስንት ጋይሮ እንደተሸጠ ይመዘግባል። ወረቀቱን አትሜ ሁለቱ መሐል አስቀመጥኩት። ምሳ ላይ ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ እራት ላይ እንደገና ይነሣል። ማናጀሩ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። «እስቲ እንሞክረው» አለ።

ሞከርነው። ለምሳ መካከለኛ ሥጋ፣ ለእራት ሌላ። መጠኑ የሚወሰነው በወረቀቱ ላይ ባለው ቁጥር ነው። በመሐል ባለው ቀዝቃዛ ሰዓት ጋሼ ብረቱን ከእሳቱ ራቅ ያደርጉታል፣ ትእዛዝ ሲመጣ ያስጠጉታል። ለደንበኛው ደግሞ እኔ፣ «ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፣ አዲስ ነው የሚቆረጥልዎት» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁሉም አልጠበቀም። ቸኩሎ የሄደ አለ። ግን ትሪው ባዶ የሚሆንበት ቀን በዛ፣ ማታ የሚተርፈውም ቀነሰ። ማናጀሩም ከዚያ ወዲህ ስለ ትልቅ ሥጋ አንሥቶ አያውቅም።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሌላ ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው በሥጋው ላይ ነው። ሥጋው ግንድ የሚያህል ሆኖ ቤቱ ጭር ካለ እጠረጥራለሁ። ያ ሥጋ ቶሎ አያልቅም፣ የተቆረጠው ትሪ ውስጥ እየጠበቀኝ ነው። ሰልፍ ካለና ሥጋው በመሐሉ ቀጥኖ ወገብ ካወጣ ግን ደስ ይለኛል፤ እየተበላ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የቆራጩን እጅ አያለሁ። የቆረጠው በቀጥታ ፒታ ላይ ነው የሚያርፈው ወይስ ትሪ ውስጥ? ምሳ ሰዓት ላይ መሄድ የምመርጠውም ለዚህ ነው። ሰልፉ ያሰለቻል፣ ግን ትሪው ለመሙላት ጊዜ የለውም።

ስለ ሥጋው ዓይነትም ጥቂት ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚምታታበት። በግሪክ የተለመደው ጋይሮ ከስስ የሥጋ ቁራጮች አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረበ የሚሠራ ነው። ብዙውን ጊዜ የአሳማ ነው፣ የዶሮም አለ። አሳማ የማትበሉ ሰዎች ሳትጠይቁ አትዘዙ። አሜሪካ ውስጥ የለመዱት ግን የበሬና የበግ ሥጋ ተፈጭቶ፣ ከቅመም ጋር ተቀላቅሎ፣ ተጠቅጥቆ የተሠራ ነው። ይህ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቺካጎ ውስጥ በፋብሪካ መመረት ጀምሮ በየቦታው ተሰራጨ። ሲያዩት ይለያል። የተደረበው ጎኑ ላይ የሥጋው ንብብር ይታያል፣ የተፈጨው ለስላሳና ወጥ ነው። እኔ የተደረበውን እመርጣለሁ። የተፈጨውን የሚንቁ ሰዎች ግን አይገቡኝም። በስሱ ከተቆረጠና ጠርዙ ኩርሽም ካለ በደስታ እበላዋለሁ። ሥጋን በቁም ብረት መጥበስ ከኦቶማን ቱርክ የመጣ ነው። ወደ ግሪክ በብዛት የገባው እ.ኤ.አ. ከ1922 በኋላ ከትንሿ እስያ ተሰደው በመጡ ሰዎች እንደሆነ ይነገራል። ሜክሲኮ ውስጥም የሊባኖስ ስደተኞች ይዘውት ገብተው በአሳማ ሥጋ ሌላ ምግብ ወጥቶታል። ስደተኛ ይዞት ሄዶ፣ የደረሰበት አገር እንደየራሱ የለወጠው ምግብ ነው። ስለዚህ «እውነተኛው ይሄ ነው» እያሉ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ፒታውን አትርሱ። የግሪኮቹ ፒታ በመሐሉ የሚከፈት ኪስ የለውም። ወፈር ያለ ነው፣ ዘይት ተቀብቶ ግሪል ላይ ይሞቃል። ቀዝቃዛ ከሆነ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል፣ ያኔ ሁሉም ነገር እጃችሁ ላይ ይፈሳል። ጻጺኪውን ደግሞ ውሃው ይናገራል። ጋሼ ኪያሩን ፈቅፍቀው፣ ጨው ነስንሰው፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ውሃው ጠብ ማለቱን እስኪያቆም ይጨምቁታል። ክንዳቸው ሥሩ እስኪገታተር ነው የሚጨምቁት። ከዚያ ነው ከተጠለለ እርጎ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከወይራ ዘይት ጋር የሚቀላቅሉት። አንድ ቤት ጻጺኪው ቀጥኖ ፒታውን ካራሰው ኪያሩን ማንም አልጨመቀውም። ኪያር ለመጭመቅ ጊዜ ያጣ ቤት ሥጋውን ለመጠበቅ ጊዜ ይኖረዋል ብዬ አላስብም።

በመጨረሻ የማደርገው አንድ ነገር አለ። ሳዝዝ፣ «ከብረቱ ላይ ይቆረጥልኝ፣ እጠብቃለሁ» እላለሁ። በትሕትና ነው የምለው፣ ቆራጩ ሰው ሥራ ላይ ነውና። አብዛኛው ቆራጭ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል፤ የሚወደውን ሥራ ነው የጠየቅኩት። አንዳንዱ ቤት ግን፣ «ትሪው ላይ ያለውም ያው ነው» ይለኛል። ከዚያ ቤት ለስላሳ ጠጥቼ እወጣለሁ።