ከቁርጥራጭ የሰፋሁትን ብርድ ልብስ ወደ ውጭ ስልከው

ከልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭ እየሰበሰብኩ ብርድ ልብስ መስፋት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ጎረቤቶቼ ስለ አቆራረጡ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ቀለሙ ይጠይቁኛል። ስለ መላኩ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። እኔንም ማንም አላስጠነቀቀኝም። ካናዳ ላለችው እህቴ፣ ለአራስ ልጇ ብርድ ልብስ ስልክላት የደረሰብኝን የምጽፈው ለዚህ ነው። ከእናንተ መካከል አንድ ሰው እንኳ እዚያ የመፈተሻ ጠረጴዛ ፊት ሳይዘጋጅ እንዳይቆም።

ስፌቱን ቶሎ ቶሎ ልለፈው።

ቁርጥራጭ የሚበዛው በዓል ሲደርስ ነው። ጎንደር ላይ ከገና እስከ ጥምቀት ልብስ ሰፊዎች ቀና አይሉም፤ የጥለት ትርፍ የሚገኘውም ያኔ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ የተማሪ ዩኒፎርም ስለሚሰፋ ሰማያዊና ካኪ በሽ ነው። በነጻ አትውሰዱ። ለቡና የምትሆን ገንዘብ ስትሰጡት፣ ልብስ ሰፊው በሚቀጥለው ጊዜ ጥሩ ጥሩውን ለይቶ ያቆይላችኋል።

ሁሉንም ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡ። ለገበር የምትገዙትን አቡጀዲም ጭምር፤ አቡጀዲ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያስይዛል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የፋብሪካ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ይለቃል። ቀዩን ከነጭ ቁራጭ ጋር ነክራችሁ አሳድሩት፤ ነጩ ከቀላ ያንን ቀይ ተዉት።

እኔ 12 ሴንቲ ሜትር በ12 ሴንቲ ሜትር እቆርጣለሁ። በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ሲሄድ 10.8 ይቀራል። 14 በወርድ፣ 18 በቁመት ሲደረደር 252 ቁራጭ ነው፤ ስፋቱ 151 በ194 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ለሕፃን ይበዛል ያሉኝ ነበሩ። ልጅ ያድጋል። አስር ዓመት ሲሞላውም እንዲለብሰው ነው የሰፋሁት።

መኪናዬ በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር ነው። ሻጮቹ ሁሉ ባለ ሞተሩን ግዢ ይሉኛል። መብራት እንዲህ በሚጠፋበት ከተማ ባለ ሞተር ገዝቶ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ለእኔ አይገባኝም። መብራት ሲጠፋ የምተኩሰውም በከሰል ካውያ ነው። ከላይ እርጥብ ጨርቅ ማንጠፍ ብቻ አትርሱ፤ አመድና ጥላሸት ነጩን ያበላሻል።

የቀለሙን አደራደር ያመጣችው ልጄ ናት። አንድ እሁድ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከቅዳሴ በኋላ ቀና ብላ ጣሪያውን ስታይ ቆየች። የመላእክቱ ፊት ረድፍ በረድፍ ነው፤ ክንፉ፣ ዓይኑ፣ ሁሉም በየቦታው። «እማ፣ ይሄኮ ብርድ ልብስ ነው» አለችኝ። እቤት ስንደርስ ቁርጥራጩን ሁሉ መሬት ላይ በትና እኩለ ሌሊት ድረስ ደረደረችው። ቡናማውንና ቢጫውን መሀል፣ ሰማያዊውን ዳር አደረገችው። እኔ ብሆን እንዲህ አልደረድረውም ነበር። የእሷ ይበልጣል።

አሁን ወደ ጥጡ ልምጣ፤ ጣጣው የመጣው በእሱ ነውና።

ጥጡ የእማዬ ሥራ ነው። ከመተማ በኩል የመጣ ጥጥ ገበያ ላይ ገዝተን፣ ፍሬውን እሷ በመዳመጫዋ አወጣችው። ዓይኗ ደክሟል፤ ጣቷን ግን አንዲት ፍሬ አታመልጠውም። ከዚያ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ሆነ። ፋይበር የሚሉት ሰው ሠራሽ ሙሌት ይቀላል፣ ይረክሳልም። ግን አያስተነፍስም፤ ሰውነት ያልበዋል። እማዬ ደግሞ የልጅ ልጇ በፋይበር ይሸፈናል ብትባል የምትሰማ ሴት አይደለችም።

ሦስቱን ድርብ የምንዘረጋው ጓሮ ነው፤ ቤት ውስጥ አይበቃም። ከጌሾውና ከኮሰረቱ መሀል ሸራ እናነጥፋለን። ከታች አቡጀዲ፣ መሀል ጥጥ፣ ከላይ ቁርጥራጩ። ቡቺን ቀድማችሁ እሰሩት። ድመታችን ውሮ ግን አትታሰርም፤ ገና ስንዘረጋ መሀሉ ላይ ትተኛለች። ባለቤቴ እሷን ማንሳት ነው ሥራው። ከዚያ ለጊዜው በረጃጅም ስፌት ታያይዙትና ድርቡን መስመር በመስመር በእጅ ትሰፉታላችሁ። መስመሮቹ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ አይራራቁ። ከተራራቁ በእጅ የተነደፈ ጥጥ ሲታጠብ አንድ ጥግ ሄዶ ይከማቻል።

የእጅ ስፌቱን ቤት ዘግቼ አልሠራም። ጎርጎራ ጣና ዳር ለሽርሽር ስንሄድ ይዤው ሄጃለሁ፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልጆቹ ውሃ ዳር ሲጫወቱ እኔ ዛፍ ሥር ሁለት ረድፍ ጨረስኩ። ከተራ ማታም ታቦታቱ ፋሲለደስ መዋኛ ሲያድሩ እኛም አድረን ነበር። የጥር ብርድ ጎንደር ላይ ቀልድ አይደለም፤ ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ያን ሌሊት ሳይጨረስ ገና አራት ሰው ለብሶታል።

አልቆ ስዘረጋው አለቀስኩ። ከሰፋኋቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

እንግዲህ መላኩ።

መላኪያ ቤቱን በስም አልጠራም። ደውዬ ጠየቅኩ። «የቤት ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ከሆነ ችግር የለውም፤ በደንብ አሽገው ይምጡ» አሉኝ። የለጠፉት ማስታወቂያም የሚለው ይህንኑ ነው። እኔም በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ በነጭ አቡጀዲ ዙሪያውን ሰፍቼ፣ አድራሻውን በማርከር ጽፌ ሄድኩ። እማዬ በሩ ድረስ ሸኝታ ዕቃውን መረቀችው።

ፈታሹ ወጣት ነው። ገና ሲያየው «ይፈታ» አለ። አሽጋችሁ ኑ ተብያለሁ አልኩት። «ይፈታ፣ እናት።» ፈታሁት። ይህ አላስከፋኝም፤ ፍተሻ መኖር አለበት። በእንዲህ ያለ ዕቃ ውስጥ ሰው ምን ምን እንደሚሰፋ እኔም እሰማለሁ።

ከዚያ በእጁ ጨበጥ ጨበጥ አደረገው።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ጥጥ ነው፣ ልጄ።»

«ለምን እንዲህ ወፈረ?»

«ሦስት ድርብ ስለሆነ ነው። ማየት ከፈለግህ ጠርዙን ልፍታልህ፤ መቀስ ይዣለሁ።»

«ሥራዬን አያስተምሩኝ፣ እናት» አለኝና ካርቶን የሚቀድበትን ምላጭ አንስቶ መሀሉን ሰነጠቀው።

መሀሉን። ልጄ ያን ሌሊት ስትደረድር መጀመሪያ ያስቀመጠችውን ቢጫ ቁራጭ። አንድ ስንዝር ያህል ሄደ፤ ሁለት የእጅ ስፌት መስመር አብሮ ተበጠሰ። በሁለት ጣቱ የእማዬን ጥጥ መዝዞ አወጣ፣ አሸተተው፣ ለመብራት አሳየው። ፍሬ ፈለገ። አላገኘም፤ አያገኝምም ነበር። ከኋላዬ ተሰልፎ የነበረ ሰውዬ «ኧረ ተው ምነው» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ድምፅ አልወጣልኝም።

ይሄ አልበቃ ብሎት «ጥጥ የእርሻ ምርት ነው፤ ከግብርና ወረቀት ያምጡ» አለኝ።

የተቀደደውን ብርድ ልብስ አቅፌ ወደተላክሁበት ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ትሁት ናት፤ መልሷ ግን አጭር ነው። እኛ የምንሰጠው ለሰብልና ለዘር ነው፣ የተሰፋ ልብስ አይመለከተንም አለችኝ። እንግዲያው አይመለከተንም ብላችሁ ጻፉልኝ አልኳት። «ለማይመለከተን ነገር ወረቀት አንጽፍም» አለች። ተመልሼ ስሄድ ፈታሹ ስብሰባ ላይ ነው። በሌላ ቀን ስሄድ ሲስተም የለም። በሌላ ቀን ደግሞ ሲስተሙ መጥቶ ወረቀቱ የለም። የሄድኩበት የባጃጅ ሒሳብ ብቻ አዲስ አቡጀዲ ይገዛ ነበር።

በመጨረሻ ኃላፊዋን ካላገኘሁ አልሄድም ብዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኃላፊዋ መጣች። ዘርግታ አየችው፣ ቀዳዳውን በጣቷ ከፈት አድርጋ አየች። «ማን ነው የነደፈው? ይሄ የእጅ ነው» አለችና ያኔውኑ ፈረመች። የግብርና ወረቀት? አያስፈልግም አለች። ከመጀመሪያውም አያስፈልግም ነበር ማለት ነው። ስለ ቀዳዳው ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም። እስካሁን ድረስ ያናድደኛል። ሰው የሰፋውን ነገር ለማየት ጠርዝ መፍታት ይበቃል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። መልሶ መስፋትም ይቻላል። በመሀል የተሰነጠቀ ግን ምንም ቢደረግ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው በየመፈተሻው ቢቀመጥ ምን አለበት?

በዚያው ቀን አልላክሁትም፤ ቀዳዳውን ይዞ ለአራስ ቤት እንዲሄድ አልፈለግሁም። እቤት ወስጄ ለእማዬ አሳየኋት። ዝም ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ሣጥኗን አስከፍታ የድሮ ነጠላዋን አወጣችና ጥለቱን ቁረጪ አለችኝ። ቢጫውን ቁራጭ በሌላ ልተካው ብዬ ነበር፤ እምቢ አለች። ጥጡን መልሰን አስገባን፣ የተሰነጠቀውን ጠርዝ ለጠርዝ በቀጭን መርፌ ገጠምነው፣ ጥለቱን ከላይ ሰፋንበት፣ ከዚያ የተበጠሱትን መስመሮች እስከ ገበሩ ድረስ አሳልፈን ደገምናቸው። ይህን የመጨረሻውን አትዝለሉ። ከላይ ብቻ ከጠገናችሁት ጥጡ ከሥር ይሸሻል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ከማስታወቂያው ጋር ቢጋጭም። አሽጋችሁ አትሂዱ። ክፍቱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ማሸጊያችሁንና መርፌያችሁን በቦርሳ ያዙ፣ እዚያው ፊታቸው ስፉት። ከብርድ ልብሱ የታችኛው ጠርዝ አንድ ስንዝር ያህል ሳትጨርሱ ተዉት፤ በቀይ ክር ብቻ፣ በረጃጅሙ ያዝ አድርጉት። ፈታሹ ልይ ሲል ክሩን ትመዙለትና ውስጡን በዓይኑ ያያል። ከተረፋችሁ ጨርቅና ጥጥ መዳፍ የምታክል ናሙና ሰፍታችሁ አብራችሁ ያዙ፤ መቅደድ የሚፈልግ እሷን ይቅደድ። ስትነድፉና ስትሰፉ በስልክ ፎቶ አንሱ። የስልክ መልስ አትመኑ፤ የነገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ዋጋው በኪሎ ስለሆነ ቤታችሁ መዝኑት፤ ጥጥ ይከብዳል። የበዓል ዋዜማ አትሂዱ። ወረቀት አምጡ ከተባላችሁም ከቦታው ሳትነሱ ኃላፊ ጠይቁ። እኔ ባጃጅ ላይ ከመውጣቴ በፊት ኃላፊዋን ብጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ መንከራተት ባልኖረ።

መንገደኛ ካገኛችሁ ደግሞ ለመንገደኛ መስጠት ይሻላል። ግን ሳይታሸግ አሳዩት፤ ይዳስሰው፣ የሚይዘውን ይወቀው።

ብርድ ልብሱ ደርሷል። እህቴ በቪዲዮ ደውላ ሕፃኑን ጠቅልላ አሳየችን፤ እማዬ ጥለቷን ፈልጋ አገኘችው። እህቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ በመኪና ይታጠባል ወይ ብላ ነው። የጻፍኩላት እንዲህ ነው፦ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳው ዙር፣ በትንሽ ሳሙና ይታጠብ። አይጨመቅ፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ይጠጣ። ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ማድረቂያ መኪና ውስጥ አይግባ፣ ጥጡ ይሰበሰባል።