«ቡናዬ ቢጫ ሆነ፣ ምን ይሻላል?»፦ የጅማ ቡና አብቃዮችን ግሩፕ የምመራበት መንገድ

የቴሌግራም ግሩፕ የሚበጠበጠው በተሳዳቢ ነው ይባላል። እኔ በምመራው የቡና አብቃዮች ግሩፕ ግን ጠቡ የሚጀምረው ስድቡ ሳይመጣ ነው። ጥያቄው ጎደሎ ሆኖ የተለጠፈ ዕለት ጠቡ አብሮ ተለጥፏል ማለት ነው። አንድ የደበዘዘ ፎቶ፣ ከሥሩ «ቡናዬ ቢጫ ሆነ፣ ምን ይሻላል?»። ከማና ወረዳ አንዱ «ዩሪያ ነስንስበት» ይላል። ከጌራ ሌላው «ውኃ ተኝቶበት ነው፣ ቦይ ቅደድለት»። ሦስተኛው ደግሞ «ሳይውል ሳያድር ንቀለው፣ አቃጥለው»። ሦስቱም የራሳቸውን ማሳ ይዘው እውነታቸውን ነው፤ የጠያቂውን ማሳ ያየ ግን የለም። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ቡናው መሆኑ ይቀርና «ማን ነው አዋቂው» ወደሚል ይዞራል።

ቢጫ ቅጠል ብዙ አባት አለው። ናይትሮጅን ያነሰው ቡና መጀመሪያ ቢጫ የሚሆኑት ቅጠሎቹ የታችኞቹና አሮጌዎቹ ናቸው። ብረት ያነሰው ደግሞ በተቃራኒው አዲሱ ቀንበጥ ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። ቅጠሉ ሲገለበጥ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ዱቄት ካለ ዋግ ነው። አስፈሪው ዛፉን ጨርሶ የሚያደርቀው በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ይጀምርና ቅጠሉ ጠውልጎ፣ ተጠቅልሎ ይረግፋል፤ ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱ ሲፋቅ እንጨቱ ጠቁሮ ይታያል። ለዚህኛው ዩሪያ መጨመር ብርን አፈር ውስጥ መቅበር ነው፤ መድኃኒቱ እዚያው ነቅሎ እዚያው ማቃጠል ብቻ ነው። በሽታው በገጀራና በመኮትኮቻ ቁስል ከዛፍ ወደ ዛፍ ስለሚሻገር፣ የታመመውን እየጎተቱ ማሳ ማቋረጥም አይገባም። በአንጻሩ ናይትሮጅን ብቻ የጎደለውን ዛፍ «ንቀለው» የሚል ምክር የሰው ጎተራ ያራቁታል።

ስለዚህ ግሩፑ አናት ላይ ፒን ያደረግኩት መልእክት ሰላምታም የሥነ ምግባር ደንብም አይደለም፣ የጥያቄ ፎርም ነው። ቀበሌው የት ነው፣ ደጋ ነው ቆላ? ዝርያው ምንድን ነው፣ የአገሬው ነው ወይስ ከመልኮ፣ ከጅማው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ የወጣ? ዛፉ ስንት ዓመቱ ነው? ቢጫ የሆነው የላይኛው ቅጠል ነው የታችኛው? አንድ ዛፍ ነው ወይስ ረድፉ በሙሉ? ባለፉት ሳምንታት ምን ተደረገለት፣ ተኮተኮተ፣ ማዳበሪያ ተሰጠው፣ ተረጨ? ከስድስት በላይ ጥያቄ ሲሆን ሰው ፎርሙን ዘሎ ያልፋል፤ ከዚያ ሲያንስ መላሹ ይገምታል።

ፎቶው ለብቻው ሥራ አለው። ሦስት ፎቶ እጠይቃለሁ፦ ዛፉ ከጥቂት እርምጃ ርቀት ሙሉውን፣ የቅጠሉ ጀርባ በቀን ብርሃን፣ ከግንዱ ግርጌ በቢላ በስሱ የተፋቀ ቅርፊት። ቢላዋ ወደ ሌላ ዛፍ ከመሄዱ በፊት በእሳት ይለብለብ ወይም በበረኪና ይታጠብ፣ አለበለዚያ ምርመራው ራሱ በሽታውን ያዛምታል። ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ስለሚጨምቀው የዋጉ ዱቄት ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ዳታው ስለሚበላ ይህን የምጠይቀው ለጀርባው ፎቶ ብቻ ነው።

ለመካሪዎች ያለን ደንብ ደግሞ አንድ ነው፦ ምክሩ ሲጀምር «ሠርቼው»፣ «አይቼው» ወይም «ሰምቼው» የሚል ይቅደም። «ሠርቼው፦ ያረጀውን ቡና ጎንድዬ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቅሜያለሁ» እና «ሰምቼው፦ ሲጎነደል ይሞታል አሉ» እኩል ክብደት የላቸውም። ይህንን ማንም ሳይሰደብ አንባቢው ራሱ ይመዝነዋል። «ሰምቼው» የሚል አይከለከልም፣ ወሬም አንዳንዴ ይጠቅማል። ሳይሠራ «ሠርቼው» ብሎ የሚዋሽ ይኖራል፤ ግን «መቼ? ከመሬት ስንት ሴንቲ ላይ ቆረጥክ?» ሲባል ይታወቃል። የጎነደለ ሰው ከመሬት 30 እስከ 45 ሴንቲ ላይ፣ ውኃ እንዳያቁር አጋድሎ፣ ለቀማ ካለቀ በኋላ በበጋ እንደሚቆረጥ፣ ከሚያቆጠቁጠውም ሁለት ሦስት ቀንበጥ ብቻ እንደሚቀር ሳያስብ ይመልሳል።

ደንቡ ሲሠራ ይህን ይመስላል፦

«ኦቦ፣ ይቅርታ፣ የላይኛው ቅጠል ነው ወይስ የታችኛው?»
«የታችኛው ነው ልጄ። ላዩ ደህና ነው።»
«ረድፉ በሙሉ ነው?»
«በሙሉ። ዘንድሮ ምንም አልሰጠሁትም።»
«ሠርቼው፦ ፍግና ኮምፖስት፣ ከግንዱ ራቅ አድርገው በዙሪያው። ቅርፊቱን ግን ፍቀው ያሳዩን፣ ለማረጋገጥ።»

እዚህ ውስጥ «ይቅርታ»ና «ኦቦ» የሚሠሩት ሥራ ቀላል አይደለም። ጅማ ውስጥ በፕሮፋይል ፎቶ የአበባ ሥዕል የለጠፈ ሰው የሰባ ዓመት አዛውንት ሊሆን ይችላል። ወጣቱ «አንተ ተሳስተሃል» ሲል ክርክሩ ከቡናው ይወጣል። ስለዚህ የማያውቁትን ሰው በ«እርስዎ» ነው፤ ኦቦ፣ አዴ፣ ጋሼ፣ እትዬ የሚል ይቀድማል። «አንተ በለኝ» ብሎ የሚፈቅደው ባለቤቱ ነው። ቋንቋውም እንዲሁ፦ በኦሮምኛ የተጠየቀ በኦሮምኛ ይመለሳል፣ በአማርኛ የተጠየቀ በአማርኛ፤ ሁለቱን የሚችል አስተዳዳሪ ፍሬ ነገሩን በአንድ መስመር ወደ ሌላው ያሻግራል። መጻፍ የማይቀናቸው አባቶች በድምፅ ይልካሉ። ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ እንለምናለን፣ አንድ ልጅ ደግሞ ከሥሩ ጭብጡን ይጽፋል። አለበለዚያ ኔትወርክ የደከመበት ሰው ሳይሰማው መልስ ይሰጣል።

ቴሌግራሙን ቶፒክ ከፍቼ በአራት ክፍል ነው የለየሁት፦ ጥያቄ፣ ገበያ፣ ማስታወቂያ፣ ጨዋታ። ከዚህ ሲበዛ ሰው የት እንደሚጽፍ ግራ ይገባውና ሁሉንም መጀመሪያ ያገኘው ላይ ይጥላል። የጨዋታው ክፍል ትርፍ ይመስላል፤ እኔ ግን ከአራቱ አንዱን ዝጋ ብባል እሱን አልዘጋም። ቀልድ ቦታ ሲያጣ ጥያቄው ክፍል ውስጥ ይገባል፣ የበሽታ ምርመራ መሐል ስለ ኳስ ይወራል። እዚያ ዋናው ጨዋታ የሊሙና የጅማ ፉክክር ነው። ገበያ ላይ ሊሙ በታጠበ፣ ጅማ ባልታጠበ ቡና ስለሚታወቁ፣ የሊሙ ልጆች «የጅማ ቡና እግሩን ሳይታጠብ ገበያ ይወጣል» ይላሉ። ይመለስላቸዋል፦ «እናንተስ ጣዕሙን አጥባችሁ ወንዝ የከተታችሁ!» ድንበሩ ግልጽ ነው፦ ቡናው ይቀለድበታል፣ የሰው ብሔር፣ ሃይማኖትና ቤተሰብ አይነካም። ያንን ያለፈ መልእክት ያለ ድርድር ወዲያው ይጠፋል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ከአዋጁም በላይ ሐሙስ ገበያ ላይ ፊት ለፊት የምንገናኝ ሰዎች ነን።

ሌላው ትልቅ መሣሪያ ስሎው ሞድ ነው፤ አንድ ሰው መልእክት ከላከ በኋላ ቀጣዩን ለመላክ የተወሰነ ጊዜ እንዲጠብቅ ያደርጋል። በአዘቦት 30 ሴኮንድ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ሲጋጋል ወደ 5 ደቂቃ እወስደዋለሁ። አንድ ሰዓት የሚለው አማራጭ ግሩፑን እንደመዝጋት ስለሆነ አልነካውም። ስሎው ሞድ አስተዳዳሪን አያግድም፤ ሌላው ታስሮ አስተዳዳሪው አምስት መልእክት ሲያከታትል እንደ ግፍ ይቆጠራል፣ ልክም ነው። ሰዓቱም ይታወቃል። ከሰዓት በኋላ ጫቱ ይዞ ምርቃናው ሲመጣ ምክሩ ይረዝማል፣ እርግጠኝነቱም አብሮ ይጨምራል። በረመዳን ደግሞ ሰዓቱ ተገልብጦ ከአፍጥር በኋላ ይሟሟቃል። ስለዚህ ስሎው ሞዱን የማጠብቀው ጠብ እስኪነሳ ሳልጠብቅ ያ ሰዓት ሲደርስ ነው። ስቲከርና ጂአይኤፍ የሚከለክለው ፈቃድ ለግሩፑ በሙሉ እንጂ ለአንድ ቶፒክ ብቻ ስለማይሠራ፣ ጨዋታው ክፍል ሲባል ክፍት ነው የተውኩት።

ያንን ድንበር ያላለፈ ጠብ ከተነሳ ንግግሩን አላጠፋም። የጠፋ ንግግር ይጋነናል፣ «ምን ብሎት ነው?» እየተባለ ሰንበት ይሻገራል። ቶፒኩን ለጊዜው እዘጋዋለሁ፣ ሁለቱን በየግላቸው አነጋግራለሁ፣ ከባሰ ለአንድ ቀን መጻፍ አግዳለሁ። «እንዲህ አላልኩም» ሲመጣ መፍትሔው ሪሰንት አክሽንስ የሚለው መዝገብ ነው፤ የተሰረዘውንም የታረመውንም ለአስተዳዳሪ ያሳያል፣ ግን 48 ሰዓት ብቻ ነው የሚያቆየው። ስለዚህ መጀመሪያ ስክሪንሾት፣ ከዚያ ሽምግልና።

ገበያው ክፍል ውስጥ የሚነሳው ክርክር አብዛኛው በመለኪያ ነው። አንዱ የእሸት ዋጋ ይጽፋል፣ ሌላው የጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀው)፣ ሦስተኛው የተፈለፈለ፤ አንዱ በኪሎ፣ አንዱ በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ። ከዚያ «ውሸታም!» ይባባላሉ። በግርድፉ 6 ኪሎ ቀይ እሸት ወይም 2 ኪሎ ጀንፈል 1 ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ይወጣዋል። እሸቱ በኪሎ 100 ብር ነው እንበል፤ የተፈለፈለው ኪሎ ገና ሳይደርቅና ሳይፈለፈል 600 ብር አለበት። ይህ ስሌት ፒን ከተደረገ በኋላ የሚቀረው ክርክር እውነተኛው ነው፦ የት ቦታ፣ ምን ቀን፣ የሸጠው ነው ወይስ የሰማው? እነዚህ የሌሉት ዋጋ ከደላላ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ይሰረዛል።

በሽታን በድምፅ ብልጫ አንወስንም። ፖል ለስብሰባ ቀን ጥሩ ነው፤ «ሲቢዲ (የቡና ፍሬ በሽታ) ነው ወይስ አይደለም?» ተብሎ ግን አይመረጥበትም። የመድኃኒት መጠንም የማሸጊያው ጽሑፍ ፎቶ ሳይኖር አይጻፍም፣ «በአንድ ጀሪካን አንድ ክዳን» የሚል ምክር ይሰረዛል፤ ክዳኑም ጀሪካኑም ልኩ ይለያያል። ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር የሚጋጭ ምክር ሲመጣ ሁለቱም እንዳሉ ይቀመጣሉ፣ ጠያቂው ናሙናውን ይዞ ባለሙያው ዘንድ ይሄዳል። ዝርያ ላይ «74110 የትም ይበቅላል» የሚል ሰውም አይጠፋም። እነዚህ በ74 የሚጀምሩ ዝርያዎች በ1974 እ.ኤ.አ. ሲቢዲን እንዲቋቋሙ የተመረጡ ናቸው፤ ሲቢዲን ቻሉ ማለት ግን ሁሉንም በሽታና ሁሉንም ቀበሌ ቻሉ ማለት አይደለም።

አጭበርባሪም አለ። የአስተዳዳሪውን ስምና ፎቶ ገልብጦ በውስጥ መስመር «የተመረጠ ችግኝ አለ፣ ቀብድ በቴሌብር ላክ» ይላል። ስሙና ፎቶው አንድ ቢሆንም ዩዘርኔሙ አንድ ሊሆን አይችልም። የኛን ዩዘርኔም ማስታወቂያው ክፍል ላይ ጽፈናል፤ አስተዳዳሪ በውስጥ መስመር ገንዘብ አይጠይቅም የሚለውም አብሮ አለ። አዲስ ሰው የሚገባውም በጥያቄ ነው፤ «ከየት ቀበሌ?» ለሚለው መልስ የሌለው አይገባም።

ተመላላሽ ጥያቄ ሲመጣ የድሮውን መልስ ለማግኘት ሀሽታግ እንጠቀማለን። ችግሩ ፊደሉ ነው፦ አንዱ #ፀሐይ፣ አንዱ #ጸሀይ ይጽፋል፣ የቴሌግራም ፍለጋ ደግሞ ሁለቱን እንደተለያየ ነው የሚያየው። ስለዚህ ታጎቹ ከፎርሙ ሥር ተጽፈዋል፦ #ቢጫ_ቅጠል፣ #ጉንደላ፣ #ማድረቂያ_አልጋ፣ #ሲቢዲ፣ #ዋግ። ሰው ከዚያ ኮፒ አድርጎ ይለጥፋል፤ በእጁ የጻፈውን አስተዳዳሪው ከሥሩ በትክክለኛው ታግ ሪፕላይ ያደርግለታል።