ሁለቱም ነጭ ዱቄት ነበሩ

ኮምቦልቻ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል እሠራ ነበር። የማታ ሺፍት ነው፣ የምንነክረው የጥጥ ጨርቅ፣ ቀለሙ ቀይ። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም (ከክሩ ጋር በኬሚካል በሚተሳሰር ቀለም) ሲነከር መጀመሪያ ሶዲየም ሰልፌት ይገባል፤ ቀለሙን ከውሃው ወደ ክሩ የሚገፋው እሱ ነው። ቀጥሎ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ይጨመርና የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱና የቤዝነቱ ልክ፣ ወደ 11 ሲጠጋ (7 ገለልተኛ ነው፣ ከዚያ በላይ ቤዝ) ቀለሙ ጥጡን ይይዛል።

ያን ሌሊት አንዱ ጆንያ ተቀዶ ዱቄቱ ጽሑፍ የሌለው ከረጢት ውስጥ ተገልብጦ ነበር። ነጭነቱን አይቼ ሶዳ ነው ብዬ አስጨመርኩ። ሰዓቱ ሲሞላ ውሃውን ደፋንና ማጠብ ጀመርን። ቀይ ወረደ። ደገምን፣ ሠለስን፣ ያው ቀይ። ጨርቁ ግን እየፈዘዘ ሄዶ ሮዝ ሆነ።

ሊነጋጋ ሲል ሁላችንም ጋሼ የምንለው አንጋፋ ባለሙያ መጣ። አልተቆጣም። ከከረጢቱ አንድ ማንኪያ ዛቀ፣ በብርጭቆ ውሃ አሟሟ፣ ፒኤች ወረቀት ነከረበት። አረንጓዴ ሆነች፣ 7።

«ልጄ፣ ይሄ ሰልፌቱ ነው። ጨው ስታይ ወላጆቹን ጠይቅ።»

ወላጆቹ ያለው ጨው የተገኘበትን አሲድና ቤዝ ነው። ሶዲየም ሰልፌት የሰልፈሪክ አሲድና የኮስቲክ ሶዳ ልጅ ነው፤ ሁለቱም ብርቱ ስለሆኑ ውሃው ገለልተኛ ይሆናል። ሶዳ አሽ በእናቱ በኩል ያው ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ አባቱ ግን ካርቦኒክ አሲድ ነው፣ ደካማ። ስለዚህ ካርቦኔቱ ውሃ ሲያገኝ ሃይድሮጂን ይነጥቀዋል፣ የሚቀረው ሃይድሮክሳይድም ውሃውን ቤዝ ያደርገዋል። አሞኒየም ሰልፌት ተቃራኒው ነው፦ አሲዱ ብርቱ፣ አሞኒያው ደካማ፣ ውሃው አሲዳማ። የመጠጥ ውሃ ማጣሪያው አልሙኒየም ሰልፌትም እንደዚሁ ወደ አሲድ ያደላል፤ «ሰልፌት» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ጠዋት የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወደ ደሴ ስወጣ ቀዩ ከጥፍሬ አልለቀቀም ነበር። የቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ውሃውን ከመድፋታችን በፊት ያቺን ወረቀት ብነክር ኖሮ ቀለሙ ገና ማሽኑ ውስጥ ስለነበር ትክክለኛውን ሶዳ ጨምረን ጨርቁን እናተርፈው ነበር። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ከዚያ ወዲህ ሶዳ ከገባ በኋላ ናሙና ቀድቼ ወረቀቷ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ስትሄድ ካላየሁ ሰዓት አላስቆጥርም።