የጣናን ፔሊካን በአንድ ካሜራ ቀርጾ ወደ አኒሜሽን መለወጥ

በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ፣ ዓሣ አስጋሪዎች ዓሣ በሚያጸዱበት ቦታ ፔሊካኖች የሚጣለውን ሆድ ዕቃ ለመሻማት ስለሚሰበሰቡና ሰው ሲቀርባቸውም እምብዛም ስለማይሸሹ፣ እንቅስቃሴያቸውን በስልክ ቀርጬ ብሌንደር በተባለው የአኒሜሽን ሶፍትዌር ወደ ስሪዲ (ባለ ሦስት ገጽታ) አኒሜሽን ለመለወጥ መረጥኋቸው።

ስልኩን በትራይፖድ ላይ አቁሜ፣ ዙሙን ሳልነካ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ቀረጽሁ። የክንፉ ጫፍ እንዳይደበዝዝ ሹተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ ላይ አደረግሁት፤ የጣና የጠዋት ብርሃን ለዚህ ይበቃል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው ዲፕላብካት በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ጥቂት ፍሬሞችን መርጬ ምንቃሩን፣ ትከሻውን፣ ክርኑንና የክንፉን አንጓ በእጄ ምልክት ካደረግሁ በኋላ የቀሩትን ፕሮግራሙ እንዲከታተል አደረግሁ።

ዋናው ፈተና ጥልቀት ነው። ክንፉ አጥሮ ሲታይ ወደ እኛ መዘርጋቱን ወይም ወደ ማዶ መዞሩን ምስሉ ብቻውን አይናገርም። መውጫ የሆነኝ አጥንት የማይለጠጥ መሆኑ ነው፤ ወፉ ከካሜራው ያለው ርቀት ብዙ እስካልተለወጠ ድረስ፣ ከክርን እስከ አንጓ ያለው ርዝመት ሙሉ በሙሉ በሚታይበት ፍሬም ላይ ከተለካ፣ በሌላው ፍሬም ላይ ካጠረበት መጠን ተነሥቶ ምን ያህል እንዳዘነበለ ማስላት ይቻላል። ስሌቱ ሁለት መልስ ስለሚሰጥ ግን፣ ክርን የማይታጠፍበትን አቅጣጫ ከልክሎ አንዱን መጣል ያስፈልጋል። ላባ በአየር ግፊት ስለሚጎብጥ የክንፉን ጫፍ በዚህ ስሌት ውስጥ አላስገባሁትም።

ከሁሉ ይበልጥ የረዳኝ የግራና የቀኝ ክንፉ መመሳሰል ነው። ወፉ ቀጥ ብሎ ሲበርር ሁለቱ ክንፎች እኩል ስለሚነሡና እኩል ስለሚወርዱ፣ ወደ ካሜራው በሰያፍ ሲመጣ አንዱ ፍሬም ያንኑ እንቅስቃሴ ከሁለት ማዕዘን የማየት ያህል መረጃ ይሰጣል። ከጎን መቅረጽ ቀላል ቢመስልም፣ እኔ ሰያፉን አጥብቄ እመክራለሁ።

የተገኘው መረጃ ስለሚንቀጠቀጥ ማለስለስ ግድ ነው፤ ሲበዛ ግን ክንፉ አቅጣጫ የሚቀይርባትን ቅጽበት ያጠፋታል፣ ክብደቱ ከ10 ኪሎ ሊበልጥ የሚችለው ወፍም እንደ ወረቀት የሚንሳፈፍ ይመስላል። ስለዚህ የመመለሻዎቹን ፍሬሞች ሳልነካ በመካከላቸው ያለውን ብቻ አለሰለስሁ።

ከውኃ ላይ ሲነሣ ሁለቱንም እግሮቹን በአንድነት እየገፋ ይንደረደራል። ውኃው እግሮቹን ስለሚሸፍንና ነጸብራቁም ፕሮግራሙን ስለሚያሳስተው፣ የእግሮቹን ምት ውኃው ከሚፈናጠርበት ፍሬም ጋር እያዛመድሁ በእጄ አስቀመጥሁት።