ጠፋ ወይስ ተደበቀ?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። የሚያስከፋ ነገር ኖሮ አይደለም። ያ ፕሮግራማችን ውስጥ ስንባዝንበት የከረምነው ባግ (የኮድ ስሕተት) ተስተካክሏል፣ ቴስቱም (ኮዱን የሚፈትነው ሙከራ) ሁሉ አልፏል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "በቃ ተገላገልን!" ብሎ ጽፎልኛል። እኔ ግን ደስታው አልመጣልኝም።

ባጉ እንዲህ ነው፣ ስነጫነጭበት ሰንብቻለሁ። አንዱ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎች ጎን ለጎን የሚሠራ የሥራ መስመር) የሥራ ወረፋውን ያያል፤ ባዶ ነው። ሊተኛ ይዘጋጃል። ገና ሳይተኛ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ሌላው ትሬድ ሥራ ያስገባና "ተነሳ" የሚል ሲግናል ይልካል። የተኛ ስለሌለ ሲግናሉ ሜዳ ላይ ይቀራል። ያኛው ደግሞ ይሄኔ ለጥ ይላል። ሥራው ወረፋ ላይ፣ ሠራተኛው እንቅልፍ ላይ፣ ቀስቃሹም ጉዳዩን ጨርሶ ሄዷል። ፕሮግራሙ አይሞት፣ አይንቀሳቀስ።

መፍትሔው አጭር ነው። ወረፋውን ሎኩን (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚይዘውን ቁልፍ) ይዞ ማየት፤ ሎኩን መልቀቅና መተኛት ደግሞ ማንም መሀላቸው የማይገባበት አንድ እርምጃ እንዲሆኑ ማድረግ። ሥራ የሚያስገባውም ያንኑ ሎክ ይይዛል። የነቃ ትሬድም ቀስቅሰውኛልና ሥራ አለ ብሎ ማመን የለበትም። ሌላ ቀድሞ ወስዶበት ይሆናል፤ ያለ ምንም ሲግናል መንቃትም አለ። ስለዚህ ኮዱ ላይ "ኢፍ" (አንዴ ብቻ አይቶ ማለፍ) የነበረው "ዋይል" (በነቃ ቁጥር ደግሞ ማየት) ይሆናል።

ይሄ ገብቶኛል። የሚያስጨንቀኝ ግን፣ ባጉን ስናሳድድ አንድ ሎግ (ፕሮግራሙ የሚያደርገውን መዝገብ) የሚጽፍ የኮድ መስመር በጨመርን ቁጥር ድራሹ ይጠፋ ነበር። መስመሩን ስናወጣው ይመለሳል። መጻፉ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ ትሬዶቹ እንደ ድሮው አይገጣጠሙም። ታዲያ የቴስት ማለፍ ምን ይነግረኛል? ሁለት ትሬዶች እያንዳንዳቸው 10 እርምጃ ብቻ ቢኖራቸው እርምጃዎቹ በ184,756 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊጠላለፉ ይችላሉ። ቴስቱ ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹን እንዳየ በምን አውቃለሁ?

ይሄን ሳሰላስል ሐሳቤ ማርስ ድረስ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1997 ፓዝፋይንደር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር እዚያ ካረፈች በኋላ ኮምፒውተሯ በራሱ ጊዜ ዳግም ይነሳ ጀመር። የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰበስበው ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው ሥራ ሚውቴክስ (ያው የሎክ ዓይነት) ይይዛል። ከፍተኛ ቅድሚያ ያለው ያንኑ ሚውቴክስ ይጠብቃል። መሀል ላይ ያለው ሚውቴክሱን ጭራሽ አይፈልገውም፤ ግን ከታችኛው ስለሚበልጥ ፕሮሰሰሩን ይቀማዋል። ታችኛው ካልሠራ ሎኩን አይለቅም። ላይኛው በሰዓቱ አለመጨረሱን ያየው ሲስተም ሁሉንም እንደ አዲስ ያስነሳል። መፍትሔው ከምድር ተላከ፦ ሎኩን የያዘው ሥራ፣ ያንን ሎክ የሚጠብቀውን የላይኛውን ሥራ ቅድሚያ እንዲወርስ ተደረገ።

ከሁሉ የሚይዘኝ ግን ሌላ ነው። ምልክቱ መንኮራኩሯ ከመላኳ በፊትም በሙከራ ላይ ታይቶ ነበር። ደግመው ሊያመጡት ስላልቻሉ ነው ያልያዙት። ያን ጊዜ ስክሪኑ ፊት የነበረው ሰው ምን ተሰምቶት ይሆን? ወደ ማርስ ለመላክ የሚመቸው ጊዜ በ26 ወር ገደማ አንዴ ነው የሚመጣው። ብልጭ ብሎ ለጠፋ ነገር ማን ደፍሮ ጉዞ ያስቆማል? አይቶትስ እንዴት ዝም ይላል? እኔ በቦታው ብሆን የትኛውን እመርጥ ነበር?